ሞምባሳ ሄዳ ፈትለወርቅን አይታ የመጣችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። መስማት የተሳናት ናት፣ ተዋናይ ናት፣ እናቷን ታስታምማለች። ስሟን አልነግራችሁም። ታሪኩን ያጫወተኝ ኤርምያስ ነው፤ እዚሁ እኛ ዘንድ በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉመው ወንድማችሁ። እሷም ተጠይቃ፣ "ይናገር፣ ስሜን ግን ይተው" ብላለች።

ስምንት ሆነው ነው ትያትር የሚሠሩት፤ ስምንቱም መስማት የተሳናቸው ናቸው። ድምፅ የለም፤ እጅና ፊት ብቻ። አንድ ቀን ብታዩአቸው ለካ የእኛ ፊት ስናወራ እንዲህ ደረቅ ነው ትላላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሠሩ ከአገር ወጥተው አያውቁም ነበር። ከዚያ በስንት ጊዜው ግብዣ መጣላቸው። ኬንያ፣ ሞምባሳ፣ ከባሕሩ አጠገብ። ሦስት ቀን ትያትር ያሳያሉ፣ በትርፍ ሰዓታቸው አገር ይጎበኛሉ።

የሴትዮዋ እናት ጉልበታቸው ከድቷቸው ሦስት ዓመት ከአልጋ አልወረዱም። እኚህ እናት ሰው "ምን ያደክምሻል" እያላቸው የልጃቸውን ቋንቋ ከልጃቸው ጋር እኩል የተማሩ ናቸው። ልጅቷ ሻንጣዋን ስትዘጋ ጠሯትና አንድ ነገር ለመኗት። ሽቶ አይደለም፣ ጫማ አይደለም። "ባሕር ሳላይ መሞቴ ነው። እይልኝና መጥተሽ በእጅሽ አሳዪኝ" አሏት።

እሺ አለች። ማለችላቸው። ወገኖቼ፣ ለእናት የተማለ ነገር ቀላል ነው?

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ። እኔና እናንተ ስንጎበኝ ዐይናችን ሕንፃው ላይ ነው፣ ጆሯችን አስጎብኚው ጋ ነው። እነሱስ? አስጎብኚው የሚለውን አብሯቸው የሄደው ኤርምያስ በእጁ ያስተረጉምላቸዋል። ኤርምያስን ካዩ ቦታው ያመልጣቸዋል፤ ቦታውን ካዩ ወሬው ያመልጣቸዋል። አስጎብኚ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ቆሞ አይጠብቅም፣ እያወራ ይሄዳል።

ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። አንዱ አስተርጓሚውን ያያል፣ አንዱ ቦታውን ያያል። ከዚያ ዞር ይሉና የየድርሻቸውን ይነጋገራሉ። አንዱ "እንዲህ ተባለ" ይላል፣ ሌላው "እንዲህ ነበር" ይላል። በተራ በተራ። የዚህች ሴት ጥንድ ፈትለወርቅ ነበረች። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብረው ያደጉ ናቸው።

ሞምባሳ ገቡ። ትያትር ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ግድግዳው ላይ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። የማን ፊት ነው ያለበት? የፈትለወርቅ። ብቻዋን።

አሁን ልብ በሉ። ዋናዋ ተዋናይት ይህች ሴት ናት። መድረኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትሸከመው እሷ ናት። ፈትለወርቅ ጎረቤት ሆና ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ የምትወጣ ናት። ፖስተሩን ያሠራው ሰው አንዳቸውንም አያውቅም፤ ከተላኩለት ፎቶዎች ጥርት ያለውን አነሣ፣ አለቀ። ክፋት የለበትም።

ግን ቀናች። ምን ብዬ ላሳምረው? ቀናች። ፈትለወርቅ አፍራ ፊቷን ሸፈነችና፣ ይሄ ያንቺ መሆን ነበረበት አለቻት። ይህማ ባሰ! የቀና ሰው ብትሰድቡት ይሻለዋል፤ ስታዝኑለት ነው የሚያብደው። አይታችሁ አታውቁም? እኔ አይቻለሁ፤ በመስታወት።

በማግስቱ ጠዋት አሮጌውን ከተማ ሊያዩ ሄዱ። አስተርጓሚውን የማየት ተራ የፈትለወርቅ ነበር። የተባለውን ሁሉ ያዘችና ልትነግራት ዞር አለች። ሴትዮዋ ዐይኗን ጨፈነች።

እኛ ስንኳረፍ ጆሯችን አይዘጋም፤ ሳንወድም እንሰማለን። እነሱ ዘንድ ግን እያነጋገሩህ ዐይንህን ከጨፈንክ ነገሩ ከባድ ነው። ፊት ላይ በር እንደመዝጋት ነው። ኤርምያስ ሲነግረኝ እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፈትለወርቅ እጇ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከሰዓት አንድ የድሮ ምሽግ ሊያዩ ሄዱ፤ አስተርጓሚውን የማየት ተራው የሴትዮዋ ሆነ። አየችው? የት አይታ! ፈትለወርቅን ታያለች። መንገደኛው ከፖስተሩ ያውቃትና አብሯት ፎቶ ይነሣል። ሴትዮዋ ቆማ ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት ሰው። የቡድኑ ሹፌር ለፈትለወርቅ የመኪና በር ከፈተላት፤ ይህም ተመዘገበ። ምሳ ላይ ለፈትለወርቅ ትልቁ ዓሣ ደረሳት፤ ይህም ተመዘገበ።

ትያትሩ ደረሰ። የሞምባሳ መስማት የተሳናቸው ሰዎች አዳራሹን ሞልተውት ነበር። የእነሱ ጭብጨባ እጅን ከፍ አድርጎ ማርገብገብ ነው። ሴትዮዋ ወጥታ እጅ ስትነሣ አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣላት። ኤርምያስ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም ነው የሚለኝ። እሷ አላየችውም። አንገቷን አዙራ፣ ለፈትለወርቅ የተነሣው እጅ ይበልጥ እንደሆነ ልታጣራ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጀልባ ላይ ወጡ። ባሕር! አብረዋት ያሉት የጀልባውን ጠርዝ ይዘው ተንጠለጠሉ፣ አንዱ አለቀሰ፣ አንዷ ውኃውን ቀመሰች። እሷ ከኋላ ተቀምጣ የፈትለወርቅን አዲስ ሻሽ ታያለች። ማን ሰጣት? መቼ ሰጣት? ለምን ለእኔ አልተሰጠም? ጀልባው ዞሮ ተመለሰ።

አገሯ ገባች። እናት ተበጥረው፣ በትራስ ተደግፈው፣ መነጽራቸውን ጠርገው ይጠብቃሉ። "በይ እሺ፣ ባሕሩን" አሏት።

እጇን አነሣች። ምንም የለም። ስንት ሰው ያስለቀሰ እጅ ነው፤ ባዶ ሆነ። አፈረችና የሆነ ውኃ፣ የሆነ ማዕበል አሳየቻቸው። እናት አዩዋት፣ አዩዋትና፣ ይህንን በቴሌቪዥን አውቀዋለሁ፣ አንቺ ያየሽውን ንገሪኝ አሏት።

እናት ብልህ ናቸው፤ ሌላ ነገር ጠየቁ። ፈትለወርቅስ እንዴት ነበረች?

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ እጇ ተፈታ! ስለ ፖስተሩ፣ ስለ አሥራ ሰባቱ ሰዎች፣ ስለ መኪናው በር፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ሻሹ፤ ሻሹ ቢጫ እንደሆነ፣ ዳሩ ላይ ሰማያዊ ክር እንዳለው ሳይቀር። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ስትጨርስ እናት እንዲህ አሏት።

"ልጄ፣ አንቺ ሞምባሳ አልሄድሽም። የሄድሽው ፈትለወርቅ ጋ ነው። እሷ ጋ ለመሄድ ደግሞ ከአገር መውጣት አያስፈልግም ነበር።"

ልጅቷ አለቀሰች። ሦስት ቀን ስትንገበገብ ቆይታ ተነሥታ ፈትለወርቅ ቤት ሄደች። ይቅርታ ጠይቃ፣ እናቴ እየጠበቀች ነው፣ ያየሽውን መጥተሽ ንገሪልኝ ልትላት ነው። ትልቅ ሰው ይህን ማድረግ እንዴት እንደሚከብደው የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ፈትለወርቅም መለሰችላት። "ባሕሩን አይቻለሁ። ምሽጉን ግን ድንጋይ ድንጋዩን ነው ያየሁት። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሞተበት አላውቅም። ያንቺ ተራ ሲሆን እኔ ሳይ፣ የተባለውን የነገረኝ አልነበረም። ስቄ ፎቶ ተነሣሁ እንጂ እኔም በግማሽ ነው የተመለስኩት።"

ሰማችሁ? ያ ሁሉ ቅናት የተቀጣጠለባት ሴት፣ ፊቷ ግድግዳ የሞላው ሴት፣ በግማሽ ነው የተመለሰችው። የቀናው ብቻ ቢከስር እንኳ ምን አለበት፣ የእጁን አገኘ እንላለን። የተቀናበትም ይከስራል።

ፈትለወርቅ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ባሕሩን ለእናትየው በእጇ አሳየቻቸው። ሴትዮዋም ከጎን ሆና አየች። ያንን ባሕር ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ በቀናችባት ሴት እጅ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አትሽሹኝ።

እናንተ ዐይንም ጆሮም አላችሁ። ባለፈው ወር የእህታችሁ ልጅ ሠርግ ላይ ምን አያችሁ? ሙሽራዋን አያችሁ ወይስ የድንኳኑን ስፋት ከእናንተ ልጅ ድንኳን ጋር ስትለኩ ዋላችሁ? መሥሪያ ቤት እድገት የተሰጠው ያ ሰው፣ ወንበሩ፣ ቢሮው፣ መጋረጃው አንድ በአንድ በቃላችሁ ነው አይደል? የገዛ ልጃችሁ ስንተኛ ክፍል ነው? ደረጃ ሳይሆን ክፍል ነው ያልኩት። ስንተኛ ክፍል ነው?

እኔን ደግሞ አትተዉኝ። አምና ሐዋሳ ጉባኤ ሄጄ ነበር፤ አንድ ወንድም ሦስት ቀን ሰበከ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ምን ሰበከ አለችኝ። ኮቱን ነገርኳት። ስንት ጊዜ አሜን እንደተባለለት ነገርኳት። ቃሉን? አንዲት ዐረፍተ ነገር አልያዝኩም። ሦስት ቀን ሙሉ እግዚአብሔር ሲናገር እኔ ኮት ስለካ ነበር።

ቅናት ከሌላው ይቀማል ብላችሁ ትፈራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን መጀመሪያ የሚቀማው የራስህን ነው። የተነሣልህን እጅ አታይም። የተሰጠህ ቀን በፊትህ ያልፋል፣ አንተ የሰው ሻሽ ታያለህ።

እኛም እንመለሳለን፣ ወገኖቼ። የተላክንበት ጊዜ ያልቃል፣ ሁላችንም ወደ ቤት እንገባለን። የሚጠብቀን አለ። እንድናይለት ሳይሆን እንድናይ ብሎ የላከን፣ ይህን ሁሉ ዓመት የሰጠን። እሱም ይጠይቀናል፤ ልጄ፣ ምን አየህ? ልጄ፣ ምን አየሽ?

ያን ጊዜ አፋችንን ስንከፍት የሚወጣው የጎረቤታችን ስም እንዳይሆን።