ከጠርሙሱ አልወጣም ያለው ሚጥሚጣ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል፤ ሦስቱን ሀ እና ሁለቱን ሰ እስካሁን አምታታለሁ። ስምንተኛ ክፍልንም ያለፍኩት ለጥቂት ነው። ያልተነበበ ቃል ካጋጠማችሁ ዝለሉት፤ ይህ ተረት የተናገረውን መልሶ መላልሶ ስለሚናገር ዞሮ ዞሮ ይገባችኋል።

እንግዲህ የቀረበ ይስማ፣ የዘገየም ከመሃል ይግባ፤ መሃሉ ከመጀመሪያው ብዙ አይርቅም።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር ካለ አንድ ግቢ፣ አንዲት ልጅ ከአክስቷ ከጥሩወርቅ ጋር ትኖር ነበር። ከደጋ ከመጣች አንድ ክረምት አልፏል። አክስቷ ልባሽ ጨርቅ ልትሸጥ በጠዋት ወጥታ ሲመሽ ትገባለች። በመሃል ያለውን ቀን ልጅቷ ከቤቱ ጋር ታሳልፈዋለች። ቤቱ አይናገርም፤ እሷም ዓይናፋር ናት። የግቢው ሰው ሲያልፍ ሰላም ልትለው ከበሩ ጀርባ ሆና ትዘጋጃለች፤ ተዘጋጅታ ስትጨርስ ሰውየው አልፏል።

አንድ ቀን የውሃ ጀሪካኑን ስታነሳ ከሥሩ አንዲት ፍጥረት ወጣች። ከጥፍር ትንሽ የምትረዝም፣ ጅራቷ ክር የሚያህል፣ ቆዳዋ ከመሳሳቱ የተነሳ ሆዷ ውስጥ ያለው የሚታይ። ልጅቷ እንዲህ ያለች አይታ አታውቅም። መዳፏን ዘረጋችላት፤ ትንሿም ወጣችበትና እዚያው ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ መኝታዋ የክብሪት ቀፎ፣ ቀለቧ መስኮት ላይ የምትያዝ ትንኝ ሆነ። ችግሩ የክብሪት ቀፎ በር የለውም። ትንሿ ሾልካ ትወጣና ግድግዳው ላይ ትለጠፋለች፤ እዚያ እንደተለጠፈች አንድ ጠዋት አክስቷ አየቻት።

"ይቺ ወጥ ውስጥ ብትወድቅ ሁለታችንንም ትጨርሰናለች" አለች አክስቷ ነጠላዋን እያጣፋች። "ማታ ስመለስ ክዳን ባለው ነገር ዘግተሽባት ካላገኘሁ በመጥረጊያ ነው የማወርዳት።"

ልጅቷ የፈለገችው እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክዳን ያለው አፈ ሰፊ ጠርሙስ።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ ያላቸው ጎረቤቷ አዴ ረምላ ነበሩ። ልጅቷ የክብሪት ቀፎውን ይዛ ደጃቸው ቆመች፤ ማንኳኳት ስላፈረች እስኪያዩዋት ጠበቀች። አዴ ረምላ ቀፎውን ገለጥ አድርገው፣ ይቺማ እስስት ናት፣ ቅጠል ላይ አኑሪያት፣ ቀለሟ ሲለዋወጥ ታያለሽ አሏት። ጠርሙሱ ግን እስከ አፉ ሚጥሚጣ ይዟል። ሚጥሚጣው ይገለበጥበት የነበረው ጣሳ ደግሞ ቂጡ ተበስቷል።

"ታዲያ ሚጥሚጣዬን በጉንጬ ልያዘው?" አሉ።

ጣሳው ሚጥሚጣ አልይዝም አለ፤ ሚጥሚጣው ከጠርሙሱ አልወጣም አለ፤ ትንሿም ቤት አጣች።

ልጅቷ ጣሳውን ተቀብላ ወደ ጋሽ ደምመላሽ ሄደች። ጋሽ ደምመላሽ በመንገዱ ጥግ ጣሳና ማንቆርቆሪያ ይበይዳሉ። እሳቸውም አይተው፣ እስስት ብሎ ነገር የለም፣ ይህ የገበሎ ልጅ ነው፣ ነገ የጎረቤት ጫጩት ይለቅምና ትከሰሻለሽ፣ ድንጋይና ፀሐይ ስጪው አሏት። ጣሳውንም ለመበየድ እንቢ አላሉም። ግን ወናፋቸው ተተርትሯል፤ ሲጫኑት እንደ ሽማግሌ ያቃስታል እንጂ አይነፋም።

ወናፉ እሳት አልነፋም አለ፤ እሳቱ ጣሳ አልበይድም አለ፤ ጣሳው ሚጥሚጣ አልይዝም አለ፤ ሚጥሚጣው ከጠርሙሱ አልወጣም አለ፤ ትንሿም ቤት አጣች።

ልጅቷ ወናፉን ታቅፋ ወደ ጫማ ሰፊው ወደ ኡስማኤል ሄደች። ኡስማኤል ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ቀፎውን ሲያይ ሳቀ።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የአዋሽ አዞ ነው። ጥርስ እስኪያወጣ ነው የሚለማመጥሽ።"

ልጅቷ መሳቅ አማራት፤ ግን ሳቋ ዘግይቶ ስለሚመጣ ዋጠችው። ኡስማኤል ወናፍ መስፋት አይከብደውም። የከበደው ፀሐዩ ነው። ከሥሩ የሚቀመጥበትን ትልቅ ጃንጥላ ነፋስ ነቅሎ የአሮጊቷ የእማማ ፋንታዬ ጣሪያ ላይ ጥሎበታል። ያለ ጥላ ወስፌው እንደ ፍም ያቃጥላል። ጣሪያው ላይ ልውጣ ብሎ ለምኖ ነበር፤ አሮጊቷ በሩን ዘጉበት።

ጃንጥላው ከጣሪያ አልወርድም አለ፤ ወስፌው ወናፍ አልሰፋም አለ፤ ወናፉ እሳት አልነፋም አለ፤ እሳቱ ጣሳ አልበይድም አለ፤ ጣሳው ሚጥሚጣ አልይዝም አለ፤ ሚጥሚጣው ከጠርሙሱ አልወጣም አለ፤ ትንሿም ቤት አጣች።

እማማ ፋንታዬ ከመንገዱ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ልጅቷ በራቸው ላይ ስትደርስ ጣሳው በአንድ ብብቷ፣ ወናፉ በሌላው፣ ቀፎው በመዳፏ ነበር፤ በምን እጇ ታንኳኳ? በእግሯ ነካ አደረገችው። በሩ ተከፈተ። እንደ ልማዷ ልትዘጋጅ ብትል ጊዜ አጣች፤ ስለዚህ ያላትን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገረችው።

"ጣሪያዎ ጃንጥላ አልለቅም ብሎ፣ ወስፌው ወናፍ አልሰፋም ብሎ፣ ወናፉ እሳት አልነፋም ብሎ፣ እሳቱ ጣሳ አልበይድም ብሎ፣ ጣሳው ሚጥሚጣ አልይዝም ብሎ፣ ሚጥሚጣው ከጠርሙሱ አልወጣም ብሎ፣ ይቺ ቤት አጥታ አክስቴ ማታ ልትገድላት ነው።"

ድሬዳዋ ከገባች ጀምሮ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። አሮጊቷ ግን ስለ ጣሪያው አንድም ነገር አልጠየቁም።

"ኳስ ሲወድቅ ይመጣሉ፤ ዲሽ ሲተክሉ ይመጣሉ፤ ጃንጥላ ሲበር ይመጣሉ" አሉ። "ሰው ሁሉ ጣሪያዬ ላይ መውጣት ይፈልጋል። በበሬ የሚገባ ግን የለም። ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ሻይ ጠጪ። ከዚያ የፈለግሽው ላይ ውጪ።"

ልጅቷ ወደ ኋላዋ ዞራ ፀሐዩን አየች። አዘንብሏል። ከሰው ቤት ገብታ መቀመጥ ጣሪያ ላይ ከመውጣት ይልቅ ያስፈራታል። እማማ ፋንታዬ ሰው ካልገባ አልፈቅድም አሉ፤ ጣሪያው ጃንጥላ አልለቅም አለ፤ ወስፌው ወናፍ አልሰፋም አለ፤ ወናፉ እሳት አልነፋም አለ፤ እሳቱ ጣሳ አልበይድም አለ፤ ጣሳው ሚጥሚጣ አልይዝም አለ፤ ሚጥሚጣው ከጠርሙሱ አልወጣም አለ፤ ትንሿም ቤት አጣች።

ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ሻዩ ተቀዳ። ልጅቷ ምን እንደሚባል አታውቅም፤ አሮጊቷም ሲለምኑት የኖሩት እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቁት ጠፋባቸው። ስኳር ጨመሩላት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጨመሩላት። ሻዩ ማር ሆነ፤ ልጅቷም ጠጣችው።

ይህን ጊዜ ትንሿ ከቀፎዋ ሾልካ ጠረጴዛው ላይ ወረደች። እየተሯሯጠች መጥታ አንድ ባዶ ብርጭቆ ላይ ሽቅብ ወጣች፤ ለስላሳው መስታወት አላንሸራተታትም። አፋፉ ላይ ስትደርስ ምላሷን አወጣችና የገዛ ዓይኗን ላሰችው።

"አየሽ?" አሉ እማማ ፋንታዬ፤ ድምፃቸው ተለውጦ። "ዓይኗን ጠረገች። የዓይን ቆብ የላትማ። እስስትም ገበሎም ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ መስታወት ላይም መውጣት አይሆንላቸውም። ይቺ የቤት እንሽላሊት ናት። እኔ ጋ አምፖል ሲበራ ቤተሰቧ በሙሉ ጣሪያው ሥር ይወጣል። እነሱን ሳይ ነው የማመሸው።"

"መርዝ አላት?" አለች ልጅቷ።

"መርዝ ቢኖራት እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሻይ እቀዳልሽ ነበር?"

ከዚያ ወሬው ፈሰሰ። ፀሐይ ላይ ካስቀመጥሻት ትደርቃለች አሉ። የእንጨት ቅርፊት አስገቢላት፣ ቀን ቀን ትደበቅበታለች። ውሃ በዕቃ አትስጫት፣ የምትልሰው ጠብታ ነው፣ ጠርሙሱን ከውስጥ እርጪው። ክዳኑን ብሺው፣ ትተንፍስ። ከአፏ የሚበልጥ ነገር አታብያት። ልጅቷ እየጠየቀች፣ አሮጊቷ እየመለሱ፣ ሻዩ አለቀ።

"በይ ውጪ" አሉ እማማ ፋንታዬ፤ መሰላሉንም ራሳቸው ያዙላት።

ልጅቷ ተቀመጠች፤ እማማ ፋንታዬ ፈቀዱ። ጣሪያው ጃንጥላውን ለቀቀ፤ ጃንጥላው ወስፌውን አበረደ፤ ወስፌው ወናፉን ሰፋ፤ ወናፉ እሳቱን ነፋ፤ እሳቱ ጣሳውን በየደ፤ ጣሳው ሚጥሚጣውን ያዘ፤ ሚጥሚጣውም እያስነጠሰ ከጠርሙሱ ወጣ።

ጠርሙሱ ግን ገና ሚጥሚጣ ይሸት ነበር። መክደኛ የሌለው ዓይን ሚጥሚጣ እንዴት ይችላል? ልጅቷ በሳሙና አጠበችው፤ አሸተተችው፤ አስነጠሳት። በአመድ ፈተገችው፤ አሸተተችው፤ አስነጠሳት። በሎሚ አሸችው፤ አሸተተችው፤ ዝም አላት። ክዳኑን ኡስማኤል በወስፌው በሳሳላት፤ ቅርፊቱን ከጋሽ ደምመላሽ ማገዶ ላይ ላጠች። ውሃ በጣቷ ነክራ ከውስጥ እርጭ እርጭ አደረገች። እንሽላሊቷን ስታስገባት መስታወቱ ላይ ወጣች፤ አንዷን ጠብታ ላሰች፤ ከቅርፊቱ ሥር ገባችና ጅራቷን ብቻ ውጪ ተወችው። አሁን ቤት አላት።

አክስቷ ስትመለስ ጠርሙሱ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ፣ መደርደሪያው ላይ ነበር። አንስታ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው፤ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። መጥረጊያው ከበሩ ጀርባ እንደቆመ ቀረ።

"ይሁን። ከዚያ ካልወጣች እኔ ምን አገባኝ" አለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ እየሳቀች ጨመረችበት። "ደግሞ ስም አውጥተሽላት ይሆናል።"

ልጅቷ አቀረቀረች። ዝም ብትል ይታለፍ ነበር። ግን ዛሬ አፏ ተፍታትቶ ነበርና እንደ ወትሮው አልታዘዛትም።

"ዘርፌ ነው የምላት።"

አክስቷ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀና አለች። "ዘርፌማ አንቺ ነሽ።"

"አዎ" አለች ልጅቷ። "አክስቴ፣ እዚህ ቤት 'አንቺ' ነኝ። ግቢው ውስጥ 'ያቺ ልጅ' ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሚጠራኝ ስለሌለ እኔ እሷን እጠራታለሁ። ዘርፌ፣ ነቃሽ ወይ? ዘርፌ፣ በላሽ ወይ? እላታለሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ስሜ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው።"