የአቶ ድንበሩ ዓሣና የዕድሩ ድንኳን

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ገና ሞቅ ሳትል፣ ሦስት ሽማግሌዎች የአቶ ድንበሩን የቆርቆሮ በር አንኳኩ። ከፊት ጋሽ አጥላባቸው ናቸው፤ ምላሳቸው ከጫማቸው ቀድሞ ሰው ቤት ይገባል የሚባልላቸው። ቀጥለው ቄስ ወልደ ትንሣኤ። ከኋላ የአግቢው ልጅ አጎት።

የመጡት የአቶ ድንበሩን ልጅ ሶስናን ለሱራፌል ሊጠይቁ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ።

በመጀመሪያው «ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ» ተባሉ። ልጅቷ ከተመረቀች ዓመታት አልፈዋል። በሁለተኛው «ዘመድ እናማክር» ተባሉ። ይሄ ደንብ ነው፤ ልጁን በተጠየቀበት ቀን የሚሰጥ አባት ልጁን የጠላ ይመስላል። ሦስተኛውም ግን ደንብ አለው። በዚያ ሰፈር ሦስቴ ባዶ እጁን የተመለሰ ሽማግሌ ለአራተኛ ጊዜ በር አይመታም። ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ሱራፌል ይህን ስለሚያውቅ ጋሽ አጥላባቸውን ሲሸኝ እጃቸውን ይዞ አልለቅም አለ። «ጋሼ፣ ዛሬ እምቢ ካሉ አለቀልኝ» አለ።

በሩ ተከፈተ።

ግቢው መሐል ድንኳን ተተክሏል። የዕድሩ ድንኳን። አንድ ጎኑ በጆንያ የተጣፈ፣ ሰፈሩ በሙሉ ሥሩ ተቀምጦ ያለቀሰበት።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። አጎትየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን አጨማደዱና ለማልቀስ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ አጥላባቸው ክርናቸውን ያዝ አደረጓቸው።

«ቆይ እስቲ። መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንወቅ።»

አቶ ድንበሩ ብርድ ልብስ እንደደረቡ፣ ስልካቸውን እንደያዙ ከድንኳኑ ብቅ አሉ።

«ግቡ፣ ግቡ! ማንም አልሞተም» አሉ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «እስካሁን።»

ገቡ። ድንኳኑ ውስጥ አልጋ አለ፣ ቁም ሳጥን አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ አልጋው ጠርዝ ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው፣ ባዶ ቤታቸውን በድንኳኑ ቀዳዳ ያያሉ።

«ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አጥላባቸው፣ እንደ ወጉ።

«እንደ ፈለጋችሁ። መቆምም ጥሩ ነው። ዓሣውም የሚዋኘው ቆሞ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«የቱ ዓሣ?» አሉ ጋሽ አጥላባቸው።

አቶ ድንበሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ስልካቸውን እንደ ቢሮ ይገቡበታል፤ ጠዋት ይከፍቱታል፣ ለምሳ ይዘጉታል፣ ከሰዓት ይመለሱበታል። ያን ሰሞን ምድር አንድ ሁለቴ ነቅነቅ ብላ የወይዘሮ የሺን ብርጭቆዎች አንጫጭታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትርፍ ሰዓትም ይሠራሉ።

«ይኸውላችሁ» አሉና ስልኩን ዘረጉ። «የመቅዘፊያ ዓሣ ይባላል። የሚኖረው ብርሃን የማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ውስጥ ነው። ርዝመቱ ስምንት ሜትር ይደርሳል። እንደ መቀነት ጠፍጣፋ፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ። ቅርፊት የለው፣ ጥርስ የለው። አናቱ ላይ ቀይ ጉትዬ አለው።»

«ጥርስ ከሌለው ምን ይበላል?» አሉ ቄሱ።

«ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቃ ነፍሳት ነገር።»

«ምስኪን» አሉ ቄሱ። ከልባቸው ነው።

«ምስኪን አይደለም፣ አባ! የድሮ መርከበኞች ሲያዩት የባሕር ዘንዶ ነው ብለው ይሸሹ ነበር። ጃፓኖች ደግሞ የባሕሩ ንጉሥ መልእክተኛ ነው ይላሉ። ከጥልቁ ወጥቶ ከታየ ምድር ልትናወጥ ነው። ይኸው ወጣ!»

«የት?»

«ሜክሲኮ።»

«አደባባዩ ጋ?» አሉ አጎትየው።

«አገሩ! ሜክሲኮ አገሩ!»

ወይዘሮ የሺ ከአልጋው ጠርዝ ጣልቃ ገቡ። «ሶስና አንብባ ነግራዋለች እኮ። የጃፓን ተመራማሪዎች ዓሣው የታየበትንና ምድር የተንቀጠቀጠበትን ቀን አስተያይተው ምንም ዝምድና አላገኙም።»

«ተመራማሪዎቹ የሚያድሩት የት ነው? ጃፓን! ቤቱ ከመሬት ጋር አብሮ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው። የእኔ ቤት ጭቃ ነው። ጭቃ አይወዛወዝም፣ የሺ። ጭቃ ይወርዳል።»

ጋሽ አጥላባቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መንገዱ የተከፈተላቸው መሰላቸው።

«ለመሆኑ ዓሣው አሁን እንዴት ነው?»

«ሞተ። ባሕሩ ዳር ተዘርግቶ ነው የተገኘው።»

«እንግዲህ የራሱን ሞት ያላወቀ ዓሣ፣ የእኛን በምን አወቀው?»

አጎትየው ሳቁ። ቄሱም ፈገግ አሉ። አቶ ድንበሩ ግን ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«መልእክተኛ ነው አልኳችሁ። መልእክተኛ መንገድ ላይ ይሞታል። የሚደርሰው መልእክቱ ነው።»

ጋሽ አጥላባቸው እንዲህ ተረትተው አያውቁም። ውሸትን መርታት ለሳቸው ቀላል ነበር፤ ፍርሃት ግን ሌላ ነው። ደግሞም መሬቷ በእውነት ነቅነቅ ብላለች፣ ምን ይሏታል?

«እናማ ሠርግ የለም» አሉ አቶ ድንበሩ። «ዘመድ ወዳጁን አዳራሽ ሰብስቤ ጣሪያ አላወርድበትም። ምድር ስትረጋ ኑ።»

«መቼ እንደረጋች ማን ይነግረናል?»

«ዓሣው።»

«ሞቷል አላሉም?»

«ሌላ ይወጣል።»

ነገሩ አለቀ። አጎትየው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ጋሽ አጥላባቸው ወደ መውጫው ዞሩ፤ ሱራፌል ጋ ደርሰው የሚናገሩትን ከአሁኑ መፈለግ ጀምረዋል። አላገኙትም።

ያኔ ነው ከውጭ ጩኸት የተሰማው።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!»

ጎረቤትየዋ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች። ከሴቶቹ ኋላ ሽበታሞች። የዕድሩ ድንኳን የሚወጣው ለለቅሶና ለሠርግ ብቻ ነው፤ የሠርግ ወሬ ደግሞ ሰፈሩ አልሰማም። ለቅሶ ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ይህን ደንብ ያጠበቁት የዕድሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ የድንኳኑም ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ ነው። ሊቀመንበሩ አቶ ድንበሩ ናቸው።

ሰው አልጋው ላይ ተደረደረ። መሬት ላይ ተቀመጠ። አንዷ በሳህን የያዘችውን ንፍሮ ቴሌቪዥኑ ላይ አኖረች።

«ማን ነው የሞተው?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«አላወቅንም። አንተ ዝም ብለህ አልቅስ።»

አቶ ድንበሩ እጃቸውን አነሡ። «ኧረ ማንም አልሞተም!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሁሉም እሳቸውን አዩ። ከዚያ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደ ጎን ዘንበል ብለው አጠገባቸው ላለችው ሴት፣ ድንኳኑ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ ሹክ አሉ።

«ውይ! መርዶውን ገና አልነገሯቸውም!»

ይሄኔ ለቅሶው በእጥፍ ፈነዳ። አሁን እያዩ የሚያለቅሱት እሳቸውን ነው።

አቶ ድንበሩ ፊታቸው አመድ መሰለ። «የምን መርዶ? የሺ! የደበቃችሁኝ ነገር አለ እንዴ? እህቴ ናት? ተናገሪ!»

«አንተን የሚነግርህ ዓሣ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ከተቀመጡበት ሳይነቃነቁ።

አንድ ሽማግሌ መጥተው «አይዞህ፣ የሰው ልጅ መንገዱ ይሄው ነው» እያሉ አቶ ድንበሩን አቀፏቸው። ሌላው ትከሻቸውን ያዙ። በር ላይ ገና ሰው ይገባል። አቶ ድንበሩ ከእቅፉ እንደ ምንም ራሳቸውን አውጥተው የጋሽ አጥላባቸውን ኮት ጨመደዱ።

«ጋሽ አጥላባቸው! እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ እርስዎን ያምናሉ! በዓሣው ምክንያት ነው የተከልነው ብለው ይንገሯቸው!»

ጋሽ አጥላባቸው ሰዉን አዩ። ንፍሮውን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አስከሬን አጠገብ እንደሚናገር ሰው፣ እንዲህ አሉ፤

«አቶ ድንበሩ፣ ለዓሣ ድንኳን የሚተክል ዕድር የለም። ይሄ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ከዚህ አይወጣም። ወይ ሙሽራ ያሳዩት፣ ወይ ሬሳ።»

አቶ ድንበሩ ስልካቸውን አዩ። ስልኩ ምንም አላለም።

«ሠርግ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ተናዘዘ ሰው ተሰብሮ። «የሶስና ሠርግ ነው።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ገለበጡና፣ እንባቸውን እንኳ ሳይጠርጉ፣ እልል አሉ።