ከራስጌ የተሰካው ማራዘሚያ

የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በኮምቦልቻ አንድ ሰፈር ሰዎች ደጋግመው የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ብዙዎቹ ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል፤ የተወለደችው ግን በዚያች ሰዓት ምክንያት ነው።

በዚያች ሰዓት ይመር ስልኩን ይዞ ከታማሚ እናቱ፣ ከእማማ ሉባባ ራስጌ ቆሞ ነበር። እህቱ ሰዓዳ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ ስልኳን የምትሰጣት ዓርብ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው።

ዋይፋዩ ያለው ሳሎን ነው። እናቱ የተኙበት የጓሮ ክፍል ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ አይደርስም፤ የስልኩም ኔትወርክ እዚያ ሲገቡ ይጠፋል። እማማ ሉባባ ደግሞ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይነሡም። ባለፈው ዓርብ ይመር ሳሎን ሆኖ የእህቱን ቃል እየሰማ፣ ወደ ጓሮ እየሮጠ ሲያደርስ ነበር።

"እንዴት ነሽ እማ ትልሻለች።"

"ያልከኝ አንተ ነህ" አሉት። "ድምጧን አምጣልኝ እንጂ ልጄ፣ ሳልሄድ።"

ይመር ደሴ ወጥቶ የሳሎኑን ዋይፋይ ተቀብሎ ወደ ሩቅ ክፍል የሚያቀብል ማራዘሚያ ገዛ። ሳሎን ዋይፋዩን የሚሰጠው ራውተር አጠገብ ሰክቶ የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ አረንጓዴ መብራት በራ። ደስ ብሎት ነቀለና ከእናቱ ራስጌ ሰካው። ለታመመ የመጣ ነገር ቦታው ራስጌ ነው፤ ማሩም፣ ከመካ የመጣው የዘምዘም ውኃም፣ መድኃኒቱም እዚያው ነበር። መብራቱ ቀይ ሆነ። ስልኩ ላይ ግን የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው።

ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር የነበሩት ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሄ፣ ያን ዓርብ በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው ቀዩን መብራት አዩት።

"ይመር፣ ይኼ እቃ ከሳሎኑ ምን ሰምቶ ነው እዚህ የሚናገር? መሐል ላይ፣ ማድቤቱ በር ካለው ሶኬት ሰካው።"

"ጋሼ፣ የእርስዎ ስልክ እኮ በመዘውር የሚዞረው ነው" አለ ይመር እየሳቀ። "የእናቴን እቃ ጭስ ውስጥ ላንጠልጥለው? ይኸው፣ ሙሉ ነው!"

"ሙሉ የሆነው ከእቃው እስከ እጅህ ነው።"

ይመር አልሰማቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደወለ፤ ስልኩ ዝም ብሎ መስመር ይፈልጋል። ማራዘሚያውን አጥፍቶ አበራ። ስልኩንም አጥፍቶ አበራ። ዘጠኝ ተኩል ሲያልፍ በመርፌ ጫፍ የማራዘሚያውን ትንሽ ቀዳዳ ተጫነና ያስገባውን የይለፍ ቃል ሁሉ አጠፋው። እማማ ሉባባ ሻሻቸውን አስተካክለው ነበር የሚጠብቁት።

"መጣች?"

"እየመጣች ነው እማ።"

"ፊቴን አበስክልኝ? እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ።"

በመጨረሻ ጋሽ ሙሄ እቃውን ነቅለው ወጡ፤ ይመርም ስልኩን ከእናቱ ራስጌ ትቶ ተከተላቸው። ሳሎን ገብተው በጋሽ ሙሄ ስልክ እንደ አዲስ አገናኙትና ማድቤቱ በር ላይ ሰኩት። አረንጓዴው በራ። ይመር ወደ ጓሮ ሮጠ። ገና ደፉን ሲረግጥ ሰዓዳ ደውላ ያልተነሡላት ሰባት ጥሪዎች ተከታትለው ገቡ። አሥር ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሆኗል። መልሶ ደወለ፤ የሚያነሣ የለም።

"ለዓርብ ነው እንግዲህ" አሉ እናቱ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እማማ ሉባባ ማክሰኞ ጠዋት አኼራ ሄዱ። ሰዓዳ የሰማችው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት፣ ስልኳ ሲሰጣት ነው። ጩኸቷ ከባዶው አልጋ ድረስ ጥርት ብሎ ደረሰ።

ይመር ከለቀስተኛው መሐል ተቀምጦ "ሙሉ ነበር እኮ የሚያሳየው፣ ወላሂ ሙሉ ነበር" እያለ ሲያለቅስ፣ ጋሽ ሙሄ ትከሻውን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ እኔም ሠላሳ ዓመት ያቀበልኩት የሰማሁትን ብቻ ነው፤ ራሱ ያልሰማ ለሰው አያሰማ" አሉት።