ጉንፋን የያዘው ኮምፒውተር

መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አንድ ሰው ነበረ። ከተማዋን አልጠራትም፤ ሰዎቿ እዚህም ዘመድ አላቸው። ሰውየውን ግን ሄራሞ እንበለው።

ሄራሞ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛውን ሁሉ ወደ ውስጥ የሚያስገባ፣ ማሽኑ ያጠቆረውን ወረቀት ሳያስከፍል የሚደግም፣ ለቀብር የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሲተይብ ከሐዘንተኞቹ ጋር አብሮ ዓይኑን የሚያብስ ሰው ነው። የከተማውን የሠርግ ጥሪ ካርድ የሚሠራውም እሱ ነው። ካርዱ ጥግ ላይ የእሱ ጽጌረዳ ከሌለችበት፣ ሰው ገልብጦ እያየ፣ "ይሄ የእውነት ሠርግ ነው?" ይላል።

ታዲያ ይህ ደግ ሰው ሱቁ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቫይረስ ነበረበት።

ቫይረሱ ጨዋ ነው። ፍላሻችሁን ስትሰኩ ምንም አይላችሁም። የፈለጋችሁት ይታተማል፣ አመስግናችሁ ትወጣላችሁ። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ግን ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። ብትነኩት፣ ብትደበድቡት አይከፈትም። ያንን ፍላሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሰካችሁት ደግሞ ያኛውም ይታመማል።

ሰው መጥቶ ሲያጉረመርም ሄራሞ አይቆጣም። ወንበር ይስብለታል። ቫይረሱን እኔ ነኝ እንዴ የሠራሁት ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው አይደለህም ይላል። ታዲያ ከየት መጣ? ከሰው ፍላሽ። ባለ ፍላሹስ ማነው? እሱን ማን ያውቃል። ሄራሞ እዚህ ላይ ሲደርስ ፈገግ ይልና፣ "ጉንፋን ቢይዝህ፣ ያስነጠሰብህን ሰው ትከሰዋለህ?" ይላል።

ሰው ይስቃል። የሳቀ ሰው ደግሞ አይከስም።

ነገሩ ሲደጋገምበት በትልልቅ ቀይ ፊደል ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፦ "ለሚጠፋ ፋይል ኃላፊነት አንወስድም።" ላሚኔት አድርጎታል። ጥግ ላይ ያቺን ጽጌረዳ ጣል አድርጎበታል።

እስቲ ፍረዱ ወገኖቼ። ቫይረሱን አልሠራም። ፈልጎ አላመጣም። ማንንም በግድ ና ስካ አላለም። ይህ ሰው ይጠየቃል? ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን ነቅንቃችኋል፤ አይጠየቅም ብላችኋል። ቆዩ። አንድ ነገር አልነገርኳችሁም።

ሄራሞ ቤቱ ውስጥ ሌላ ላፕቶፕ ነበረው። በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድረው። የሠርግ ካርዶቹ ሁሉ፣ የስንት ዘመን ድካሙ፣ እንጀራው እዚያ ውስጥ ነው። ካርድ ሲያትም ላፕቶፑን ራሱን በብብቱ ይዞ ሱቅ ያመጣል፣ ከማተሚያው ጋር ብቻ ያገናኘዋል፣ ሲጨርስ ጠቅልሎ ይመልሰዋል። ያ ላፕቶፕ የሰው ፍላሽ አያውቅም። ታናሽ ወንድሙ አንድ ቀን ፊልም ልገልብጥበት ቢለው፣ "ሱቅ ሂድ" አለው።

ሰማችሁ? ሱቅ ሂድ።

ጉንፋን የያዘው ሰው ያስነጥሳል፤ ልክ ነው፣ አይከሰስም። ግን ያው ሰው የራሱን ሕፃን ሲያቅፍ ፊቱን ያዞራል። ፊት ማዞርን ያውቅበታል ማለት ነው። ለሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ነው የሚረሳው።

አሁን እትዬ አማረች ይምጡ። እትዬ አማረች የጋሽ አኑሎ ባለቤት ናቸው። ጋሽ አኑሎ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ሲያሠለጥኑ ያረጁ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ክረምት አረፉ። ከመሞታቸው በፊት ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ገና ለማንም ያላስተማሯቸውን መዝሙሮች በገዛ ድምፃቸው ቀድተው ነበር። የተቀዱት ፍላሽ ላይ ነው። ሌላ ቦታ የሉም። እሑድ መታሰቢያቸው ሊደረግ፣ መዘምራኑም ከዚያ ድምፅ አጥንተው ሊዘምሩ ቀጠሮ ተይዟል።

እዚያው ፍላሽ ላይ የጋሽ አኑሎ ፎቶ ነበረ። እትዬ አማረች ፎቶውን ሊያሳትሙ ለሄራሞ ሰጡት። ሄራሞ ሰካው። ፎቶውን አሳምሮ አተመ፤ ከረባታቸውን ሳይቀር አጥርቶ አወጣው። እትዬ መርቀውት ሄዱ።

በማግሥቱ የመዘምራኑ መሪ ፍላሹን ከፈተ። ሾርትከት።

እትዬ አማረች ተመልሰው መጡ። ሄራሞ ወንበር ሳበላቸው። ስለ ጉንፋኑ ሊጀምር ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ እሳቸው ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

"ይሄ ቀይ ጽሑፍ ምን ይላል? መነጽሬን ቤት ትቼ መጥቼ ነው።"

ሄራሞ አነበበላቸው። ሰው ፊት ጮክ ብሎ ሲያነበው የመጀመሪያው ነበር። ወደ መጨረሻው ድምፁ እየቀነሰ ሄደ።

"መቼ ነው የለጠፍከው?"

"ቆይቷል እትዬ።"

"የአኑሎ ድምፅ ሳይጠፋ ነዋ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው እንደሚጠፋ ታውቅ ነበር።" አልጮኹም። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይነሳል ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገሩት። "ፍላሹን ስሰጥህ ለምን ዝም አልከኝ፣ ሄራሞ?"

ያ የጉንፋን ክርክር አፉ ድረስ መጣ። ተመለሰ።

እትዬ አማረች ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "መታሰቢያው እሑድ ነው" ብለው ሄዱ።

ሄራሞ ያን ቀን ሲታገል ዋለ። ድምፁ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ሸሽጎት ነው እንጂ እዚያው ፍላሽ ውስጥ አለ። ግን የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ባወጣው ቁጥር ኮምፒውተሩ መልሶ ይሸሽገዋል። ጤነኛ ማሽን ያስፈልጋል። ከከተማው ጤነኛ ማሽን የት አለ ብሎ አሰበ። የትምህርት ቤቱ? መምህራኑ ፈተና የሚያባዙት እሱ ጋ ነው። የፋርማሲው? ዘፈን የሚቀዱት ከእሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ? የእሑድ መርሐ ግብር እሱ ጋ ነው የሚታተመው። ከተማው ሁሉ በእሱ በር አልፏል።

አንድ ቀረ። ነጠላ ውስጥ ያለው።

ካርዶቹን አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ እንዳያሸሽ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው አዲስ ፍላሽ ሲሶውን እንኳ አይይዝም። ላፕቶፑ ላይ ያለው አንቲቫይረስ ደግሞ ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም፤ አርጅቷል። ያድን አያድን አይታወቅም።

እናንተ አሁን የምትጠብቁትን አውቃለሁ። ቫይረሱ ዞሮ ዞሮ የሄራሞ ቤት ገባና ቀጣው እንድላችሁ ነው። አልገባም! እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ ዞሮ አይመጣም። ሌላውን ሲያሳምም ኖሮ፣ ራሱ በጤና ያረጀ ስንት ሰው አለ። ሄራሞም ዝም ቢል፣ ያ ላፕቶፕ እስከ ዛሬ ንጹሕ ነበር።

ግን ሄራሞ ቤቱ ገባ። ነጠላውን ፈታ። ፍላሹን ከኪሱ ሲያወጣ ሚስቱ አየችው።

"እንዴ አንተ፣ ጉንፋኑን ቤት ይዘኸው መጣህ?" አለችው።

"ከእኔ ጋ ነው የወጣው" አላት፤ "የት ልውሰደው?"

ሰካው።

ድምፁ ወጣ። መጀመሪያ ሳል ነው የተሰማው፤ ጋሽ አኑሎ ከመዘመራቸው በፊት መሳል ልማዳቸው ነበር። ከዚያ መዝሙሩ። ሚስቱ የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እስኪያልቅ ከዚያ አልተነሣችም።

ላፕቶፑስ? ታመመ። አርጅቶ የነበረው አንቲቫይረስ የቻለውን አዳነ፣ ሌላው ተበላሸ። ጽጌረዳዋም ከተበላሹት ውስጥ ነበረች። ሄራሞ እንደገና ሣላት። ሚስቱ ያሁኗ ትበልጣለች ትላለች፤ ባሏን ለማጽናናት ይሁን እውነቷን ይሁን አላውቅም።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ሰው ከየገጠሩ ወርዶ ሱቁ የሚጨናነቅበት ቀን። ሄራሞ በዚያ ቀን አንዱን የበሩን ክንፍ ዘግቶ ኮምፒውተሩን ፎርማት አደረገ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ እኔ ጋ የተሰካ ፍላሽ ያለው ያምጣ፣ በነጻ አጸዳለሁ ይል ጀመር። የተናደደበት አለ። ለካ አንተ ነህ ያለው አለ። ሄራሞ ለሁሉም መልሱ አንድ ነበር፦ "አዎ፣ እኔ ጋ ነው የታመመው።" ተናደውም ቢሆን ፍላሹን አመጡ። ስለ ባለ ቀይ ፊደሏ ወረቀት ማንም አስተያየት አልሰጠም፤ ተነሥታ ነበር።

እሑድ፣ ሄራሞ ካጸዳው ፍላሽ፣ የጋሽ አኑሎ ድምፅ በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ወጣ። ሳላቸው ሲሰማ ምእመናኑ በዕንባቸው መሀል ሳቁ፤ ከዚያ መዘምራኑ ድምፁን ተከትለው ዘመሩ። እትዬ አማረች ከፊት ሆነው መነጽራቸውን አወለቁ። ሄራሞ ከበሩ አጠገብ፣ ካለቦታው ተቀምጦ ነበር፤ ከእሱ ጎን የተቀመጡት ሰዎች ጮክ ብሎ ሲዘምር የሰሙት የዚያን ቀን ነው።

ወገኖቼ፣ ኮምፒውተር የለንም ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ስልክ አላችሁ። ጆሮ አላችሁ። አፍ አላችሁ። በዚህ ሳምንት ስለ ጎረቤታችሁ የሰማችሁትን ወሬ እናንተ አልፈጠራችሁትም፤ ከሰው ነው የመጣው። እውነት ነው። የተላከላችሁን የሚያጋጭ ነገር ለሌላ የላካችሁት፣ "እንደደረሰኝ" ብላችሁ ነው። ይህም እውነት ነው። የሠራው ሰው ለብቻው ይጠየቅበታል። ግን ከእናንተ ጋ የወጣውስ? እሱን ማን ይጠየቅበት?

አናውቅም ነበር አትበሉኝ። ያንን ወሬ ልጆቻችሁ ፊት አታወሩትም። "ልጆቹ ይሰማሉ" ብላችሁ ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ። ነጠላ ውስጥ የጠቀለላችሁት አለ ማለት ነው። ለራሳችሁ ንጹሕ ያስቀመጣችሁት አለ ማለት ነው። እንግዲያው ታውቃላችሁ።

ሰው ሁሉ ግንባሩ ላይ፣ ከቤቱ ደጃፍ ላይ፣ "ኃላፊነት አንወስድም" የምትል ወረቀት ለጥፎ ይሄዳል። እኔ እንደዚህ ነኝ፣ እወቁኝ፣ ይላል። አፌን አላምነውም፣ ይላል። ስቆጣ አልታወቅም፣ ይላል። አንዳንዱማ ላሚኔት አድርጎታል፤ ጽጌረዳም አለበት።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያቺን ወረቀት ቀና ብላችሁ እዩአት። ጮክ ብላችሁ አንብቧት። መነጽሯን የረሳች አንዲት ሴት አጠገባችሁ ቆማለች እንበል። የምትጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህችን የለጠፋችኋት ሳይጠፋ ነው፣ ወይስ ከጠፋ በኋላ?