ጋቢው ሲነጣ ፊቱ ጠቆረ

አንድ የሸክላ ሰው የሚሠራ ሰው ነበረ። የሚሠራቸው ሰዎች ቁመታቸው ከጣት አይበልጥም፤ የዱሮ ዳኞች፣ የዱሮ ወታደሮች፣ የዱሮ እመቤቶች ናቸው። ሠርቶ በእሳት ተኩሶ ሲያበቃ ልብሳቸውንና መልካቸውን ይቀባል።

አንድ ባለጸጋ ወደ እሱ መጣ። የባለጸጋው እናት አርጅታ ነበር፣ ዓይኗም እየደከመ ሄዷል። ልጅ ሳለች የሞቱባትን አባቷን፣ ዳኛ የነበሩትን፣ አንድ ጊዜ አይቻቸው ልሙት አለች። ፎቶ የለም። መልካቸውን የሚያውቅ ከእሷ በቀር በሕይወት የቀረ ሰው የለም። ባለጸጋውም ዓይኗ ሳይጠፋ ድረስልኝ አለው።

ሠሪው ሄዶ አሮጊቷን ጠየቃት። ጠይም ነበሩ፣ ወደ ጥቁር የሚያደሉ፣ ሲስቁ ግን ጉንጫቸው ላይ መዳብ የመሰለ ነገር ብልጭ ይል ነበር አለችው። ጋቢያቸውም ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ነው አለችው።

ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ፊቱን መጀመሪያ በጥቁር ቡኒ ቀባው፣ ከዚያ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጉንጩን ብቻ በቀጭን ብሩሽ ወደ መዳብ ፈካ አደረገው። ጋቢውን ነጭ ቀባና በእጥፋቱ ውስጥ ትንሽ አመድማ አስገባበት፣ ጨርቅ ሲታጠፍ ጥላ አለውና። እንዲደርቅም ብሎ አስቀመጠው።

ጎረቤቱ ገብቶ አየው። «ይሄ ዳኛው ነው ወይስ ከሰል ሻጩ?» አለና ስቆ ሄደ።

ጎረቤቱ ሄደ እንጂ ቃሉ አልሄደም። ባለጸጋው ቢቆጣስ አለ ሰውየው። አሮጊቷ ብታዝንስ አለ። ፍርሃት አንዴ ከገባ እንግዲህ እጅ አያርፍም። በጋቢው እጥፋት ያለው አመድማ እድፍ መሰለውና በነጭ ሸፈነው። ጋቢው ሲነጣ ፊቱ የባሰ ጠቆረበት። ፊቱን አቀላው። ፊቱ ሲቀላ ደግሞ ጋቢው ቢጫ መሰለው፣ እንደገና አነጣው። በማግስቱም እንዲሁ። ምግብ አስጠላው። ሚስቱ፣ አንተ ሰው ተወው፣ ቀለሙ ዓይኑን ሊደፍነው ነው አለችው። እሱ ግን ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ እያለ ይጨምር ነበር። በዚህ መሃል ከባለጸጋው ቤት መልእክት መጣ፤ አሮጊቷ ዛሬ ግድግዳ እየዳሰሰች ነው የወጣችው፣ ቶሎ በል የሚል።

ይዞ ሄደ። አሮጊቷ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ተቀበለችው። ትንሹን ሰው ዓይኗ ሥር አስጠግታ ብዙ አየችው።

«ልጄ፣ ይሄ ሰው ማነው?» አለች።

የባለጸጋው ፊት ተለወጠ።

አሮጊቷ ግን አልተቆጣችም። አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ እናት የልጇን ፊት እንደምትጠርግ፣ የትንሹን ሰው ጉንጭ ታሽ ጀመር። ላይኛው ቀይ ለቀቀ፣ ከሥሩ ያለውም ቀይ ለቀቀ። የመጀመሪያው ቀለም ሸክላው ውስጥ ጠልቆ ገብቶ ነበር፣ ከፍርሃት የመጣው ቀለም ግን ከላይ ብቻ ነበር። ጉንጩ ላይ መዳቡ ብልጭ ሲል ጣቷ ቆመ።

«አባባ፣ መጡ» አለች።

ይኸውልሽ እህቴ ትርንጎ። አንቺ የጠየቅሽኝ፣ ሰው ልጄን ጠቆረች አለብኝ፣ የሚያቀላ ቅባት ልግዛላት ወይ ብለሽ ነው። ሠሪው አንቺ ነሽ። ጎረቤቱን ደግሞ ራስሽ ታውቂዋለሽ። አንዴ ከቀባሻት ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ማለትሽ አይቀርም። ያ ሰው የያዘው ሸክላ ስለነበረ ምራቅ አዳነው። የልጅ ቆዳ ግን ከተላጠ በኋላ ታሽቶ አይመለስም። እኔም ልጅ አለኝ፣ ነገ ትምህርት ቤት ምን ይሏት ይሆን እያልኩ እፈራለሁ፣ አልፈራም አልልሽም። ከሁሉ የምፈራው ግን ይሄን ነው። አንድ ቀን ልጅሽ መስተዋት ይዛ መጥታ፣ እማዬ፣ ይሄ ሰው ማነው ብትልሽ ምን ትመልሺላታለሽ?