አዛዥ ብጡልና «እችላለሁ» የምትለዋ ቃሉ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ። በድሮ ዘመን አንድ ችኩል ንጉሥ ነበረ። ብጡል የሚባል አፈ ጮሌ አዛዥም ነበረው። ብጡል «እችላለሁ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አያውቅም ነበር።

ንጉሡ በአገሩ ትልቅ ወንዝ ላይ ድልድይ አማረው።

«ብጡል፣ ድልድይ ማሠራት ትችላለህ?»

«እችላለሁ፣ ጃንሆይ።»

ብጡል ግንብ የሚባል ነገር አያውቅም። ወደ መንደር ወረደና ሰዉን ሁሉ ድንጋይ አሸከመ።

«ክረምት ሳይገባ ማድረስስ ትችላለህ?»

«እችላለሁ፣ ጃንሆይ።»

ሰዉ እርሻውን ጥሎ ድንጋይ ተሸከመ። ልጆችም ጦማቸውን አደሩ።

«ሰዉስ ይችላል?»

«ይችላል እንጂ፣ ጃንሆይ። አንድም ቀን አልችልም ሲል አልሰማሁም።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል ንጉሡ ብጡልንና አጃቢዎቹን አስከትሎ ድልድዩን ሊያይ ወረደ። ድልድዩ ቆሟል፤ ግን ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። አጠገቡ ጠጂቱ የምትባል አሮጊት ድንጋይ ታቀብላለች።

«እናቴ፣ ይህን ሁሉ እንዴት ቻላችሁት?» አላት ንጉሡ።

«ምን እናድርግ፣ ጃንሆይ፤ ቻልነው» አለች። «ረሃቡን ቻልን። የአዛዡን ጅራፍ ቻልን። እርስዎንም ችለን ኖረናል። ይኼ ድልድይ ግን ውሃውን የሚችለው አይመስለኝም።»

አጃቢዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ንጉሡ ፊቱ ቀላ። መቻል ሲባል ሥራ ማወቅ ብቻ ይመስለው ነበር፤ ሰዉ ግን ለካ መከራ ሲሸከም ነው የኖረው።

«ብጡል፣ እስቲ አንተ ቀድመህ ተሻገር። ትችላለህ?»

ብጡል ድልድዩን አየ። ውሃውን አየ። ንጉሡን አየ።

«አልችልም፣ ጃንሆይ» አለ በቀጭን ድምፅ።

በዕድሜው እውነት ሲናገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ንጉሡም ሰዉን ወደ እርሻው መለሰ። ክረምቱ ሲገባ ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው። በበጋው ሥራ የሚያውቁ ግንበኞች መጡ፤ ድንጋይ የሚሸከምላቸው ግን ሹመቱን የተገፈፈው ብጡል ሆነ።

አንድ ቀን ጠጂቱ በዚያ ስታልፍ «እንዴት ይዞሃል?» አለችው።

ብጡል ላቡን ጠረገና «ምን አደርጋለሁ፣ ቻልኩት» አላት።

እናንተም ልጆች፣ «እችላለሁ» የሚል ሹም ሲመጣባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፦ ሥራውን የምትችለው አንተ ነህ፣ ወይስ አንተን የምንችልህ እኛ ነን?