የጭራው ሐሳብ

በዚያ ሸለቆ ሁሉም ነገር በሕግ ነበር። በበጋ ምንጮቹ ደርቀው አንዲት ኩሬ ብቻ ስትቀር፣ ሥጋ በሎችና ሣር በሎች ዋርካው ሥር ተሰልፈው ቅል ይጫወታሉ። ከየወገኑ አምስት አምስት ተጫዋች ይወጣል። ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ በሐረግ የተሠራ ቅርጫት ይንጠለጠላል፤ ቅሉን ቅርጫቱ ውስጥ አብዝቶ የከተተ ወገን በጋውን ሙሉ ጎህ ሲቀድ ይጠጣል። የተሸነፈው የሚጠጣው ረፋድ ላይ ነው፤ ውኃው ተረግጦ ጭቃ ከሆነ በኋላ። ዳኛው አሸናፊውን እስኪያውጅ ድረስ ግን ኩሬዋ የማንም አይደለችም፤ ማንም በማንም ላይ ጥርሱን አያሳርፍም። አያቶች ይህን የደነገጉት ከመተላለቅ መጫወት ይሻላል ብለው ነው። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ችግሩ ጨዋታ ዳኛ መፈለጉ ነው።

ዳኛው እርኩም ነበር። የተመረጠው ድምፁ ስለሚያስተጋባና አካሄዱ ግርማ ስላለው ነው፤ ሌላ ምክንያት የሚያውቅ የለም። እርኩሙ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይቀጣል። አንደኛው መግፋት፣ መንከስና መርገጥ ነው፤ ይህን ማንም ያየዋል። ሁለተኛው «ክብር ነክ» ይባላል፤ ዳኛውን ወይም ጨዋታውን በቃል፣ በዓይን ወይም በአኳኋን መናቅ ማለት ነው። በአንድ ክብር ነክ ተቃራኒው ወገን ማንም ሳይከላከለው ቅል ይወረውራል፤ በሁለት አጥፊው ከሜዳ ይወጣል። ንቀትን ማየት የሚችለው እርኩሙ ብቻ ስለነበር፣ ከሁለቱ ጥፋቶች የሚወደው ይህንኛውን ነበር።

የሥጋ በሎች ኮከብ ጎፈር የሚባል ጎረምሳ አንበሳ ነበር። ሲዘል ማየት ደስ ይላል፤ ይህን የሚጠሉትም አይክዱም። ቅሉ የሳተው ቀን ግን ጉድ ነው። ዋርካውን ይቦጭቃል፣ ዳኛው ፊት ቆሞ ላባው እስኪበተን ድረስ ያገሳበታል። አንዴማ በመዳፉ ላፍ አድርጎ አንከባሎታል። እርኩሙ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና «ልጁ ጨዋታውን ይወዳል» አለ። ጨዋታውም ቀጠለ።

ከሣር በሎች በኩል ስሙ የሚነሣው ዳምጤ ነበር፤ ከርከሮ ነው። ቅሉን በክራንቻው አንሥቶ ሲወረውር እምብዛም አይስትም። ከርከሮ ሲሮጥ ጭራው ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሲፈጥረው እንዲያ ነው። ግልገሎቹም በረዥሙ ሣር ውስጥ አባታቸውን የሚከተሉት ያቺን ጭራ እያዩ ነው። ባለፈው በጋ ሣር በሎች ሊያሸንፉ ትንሽ ሲቀራቸው ዳምጤ ቅሉን ይዞ ወደ ቅርጫቱ ሮጠ። እርኩሙ ሸለቆው እስኪናወጥ ጮኸ።

«ክብር ነክ! ጭራውን አነሣብኝ!»

ጎፈር ወረወረ፣ ገባለት፣ ጨዋታው አለቀ። በዚያ በጋ ሁለት የዳምጤ ግልገሎች ጭቃ ጠጥተው ሆዳቸው ተነፍቶ ሞቱ። ዳምጤ ጉድጓድ ምሶ ቀበራቸው። ሲመለስ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ የገዛ ጭራውንም ጠላት።

ዘንድሮ ከጨዋታው በፊት ሸንጎ ተጠራ። ዳምጤ ተነሥቶ እጅ ነሣና «ክቡር ዳኛ» አለ፤ «ይቺ ጭራ እኔ አዝዣት አይደለም የምትነሣው። አባቴም አያቴም እንዲሁ ነበሩ። ከርከሮ ሲሮጥ አይተው አያውቁም?»

እርኩሙ ጉሮሮውን ነፋ። «ልጄ ዳምጤ፣ ሕጉን ብዙዎች አይረዱትም። ሕጉ የሚያየው ጭራን አይደለም፤ የጭራን ሐሳብ ነው።»

«ሐሳቧን እንዴት አዩት ታዲያ?»

«በልምድ» አለ እርኩሙ።

ከሣር በሎች ጋር የምትጫወተው ጦጢት ዛፍ ላይ ሆና «የጎፈር መዳፍ ሲያንከባልልዎትስ ሐሳቡ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ፍቅር» አለ እርኩሙ። ሥጋ በሎች አጨበጨቡ። እርኩሙም ጭብጨባውን ሰምቶ ሞቅ አለው። «ደግሞ አንሸዋወድ! ይህ ሁሉ አውሬ ከየጫካው የሚጎርፈው ጎፈርን ሊያይ ነው። እሱን ባስወጣው ማንን ሊያይ ይመጣል? አንተን?»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ከሣር በሎችም የሳቁ ነበሩ፤ ከሚስቁት ጋር መሳቅ የሚያስምራቸው መስሏቸው። ዳምጤ ተቀመጠ።

ማታውኑ ሚስቱ ሐረግ አምጥታ ጭራውን ከታፋው ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችለት። ያማል። ጠዋት ወደ ሜዳው ሲሄድ መንገድ ላይ እትዬ ኤሊን አገኛት። ኤሊዋ የሸለቆው ባልቴት ናት፤ ሕጉ ሲደነገግ በቦታው ነበረች ይባላል።

«ዘንድሮ ጭራህን አሳሰሩህ» አለችው። «ለከርሞ ክራንቻህን ያስወልቁሃል።»

«ምን ላድርግ እትዬ? የቀሩት ልጆቼ ንጹሕ ውኃ ይጠጡልኝ እንጂ ጭራዬ ብትቆረጥም ግድ የለኝም።»

«እሱማ እውነትህን ነው። ብቻ እኔ አንድ ነገር ይገርመኛል። ሕጉ ዳኛው እስኪያውጅ ኩሬዋ የማንም አይደለችም ይላል። እናንተ ግን በየዓመቱ ቁጭ ብላችሁ እስኪያውጅባችሁ ትጠብቃላችሁ።»

ዳምጤ ነገሩን ልብ አላለውም። ሐረጉ እየከረከረው ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ዳምጤ ጭራው ታስሮ ወደ ጎን እየተወላገደ ይሮጣል፤ ቢሆንም ቅሉን ደጋግሞ ከተተ። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሆኑ። ጎፈር አንድ ቅል ሳተና ቅርጫቱን በጥርሱ ነክሶ ዘነጠለው፤ እርኩሙን የማይጻፍ ስድብ ሰደበው። እርኩሙ በዚያች ቅጽበት ሰማይ ላይ ደመና ይፈልግ ነበር። ቅርጫቱ ተጠግኖ ዳምጤ ቅሉን ሲያነሣ ግን ዓይኑ ወደ መሬት ተመለሰ።

«ክብር ነክ!»

«ኧረ አሁን ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«ጭራህን አስረሃል። ያልተቀጣኸውን ቅጣት አስቀድሞ መፍራት ዳኛው ያዳላል ማለት ነው። ከዚህ የከፋ ስድብ አልሰማሁም።»

ጎፈር ያለ ተከላካይ ወረወረ፤ ሳተ። እርኩሙ «ከሣር በሎች ድኩላዋ አንኮራፍታለች፣ ይደገም» አለ። ደገመ፤ ሳተ። ጦጢት ዓይኗን አርገብግባለች ተብሎ ተደገመ። እስኪገባ ድረስ ተደጋገመ።

«ለምን?» አለ ዳምጤ። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም።

«ሁለተኛ ክብር ነክ! ውጣ!»

ዳምጤ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሜዳው ዳር ሲሄድ ግልገሎቹን አያቸው። ከሣሩ ውስጥ ሆነው አባታቸውን ይፈልጋሉ፤ ወዲያ ይሮጣሉ፣ ወዲህ ይመለሳሉ። ጭራዋን አጥተዋት ነው። እዚያው ቆመ። መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ተናደደ። ልጆቹን ሊያድን ያሳሰራት ጭራ ልጆቹ አባታቸውን የሚያውቁባት ነበረች። የእትዬ ኤሊ ቃል ትዝ ያለው ያኔ ነው። ዞሮ ሐረጉን በክራንቻው በጠሰው። ጭራው ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግልገሎቹም እየተንጫጩ ወደ እሱ ሮጡ።

«ጦጢት፣ ድኩላ፣ ኑ እንሂድ» አለ። «ጨዋታው ለእነሱ ይሁንላቸው። እስካሁንም የእኛ አልነበረም።»

ሣር በሎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ሜዳውን ለቅቀው ወጡ፤ በሸንጎው የሳቁትም ሳይቀሩ።

እርኩሙ ጊዜ አላጠፋም። ደረቱን ነፋና «አሸናፊው ጎ...» ብሎ ጀመረ።

«ማንን አሸንፎ?» አለ አንድ ድምፅ። ነብሩ ነው። ከጎፈር ጎን እየተጫወተ ከጎፈር የበለጠ ቅል የሚከተው እሱ ነበር፤ ስሙን የሚጠራው ግን አልነበረም። «ሜዳው ላይ ተቃራኒ ከሌለ አሸናፊ የለም። እኔም ለዚህ ጎረምሳ ቅል ማቀበል ሰልችቶኛል። ጎህ ሲቀድ ቀድሞ የሚጠጣው አንበሳ ይሁን ነብር፣ እንጫወትና ይለይ።»

ጎፈር እየሳቀ «ና!» አለው። አንበሶች ባንድ ወገን፣ ነብሮች በሌላው ቆሙ። ቅሉ ተወረወረ። ነብሩ ከጎፈር አፍንጫ ሥር ዘሎ ነጠቀውና ወደ ቅርጫቱ ተፈተለከ፤ ረዥም ጭራውም ከኋላው ተነሥታ አየሩን ገረፈች።

ጎፈር ቆሞ አገሳ። «ጭራውን አነሣ! ክብር ነክ በል!»

ነብሩ ዞሮ ጥርሱን አሳየ። «እሱ አገሳብህ! ክብር ነክ በል!»

ሁለቱም ወደ እርኩሙ ተጠጉ። እርኩሙ ጎፈርን አየ፣ ነብሩን አየ። ከዚያ ዓይኑ ሜዳውን ዞሮ ዞሮ ከርከሮ ፈለገ። ከርከሮ አልነበረም። ምንቃሩን ከፈተ፤ ያ የተመረጠበት ድምፅ ግን አልወጣም።

ከሜዳው ማዶ፣ ገና የማንም ባልሆነችው ኩሬ ዳር፣ ሣር በሎች ጎንበስ ብለው ይጠጣሉ። ውኃው ጥርት ያለ ነበር፤ ሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። ትንሿ ግልገል ቀና ብላ አፏን ጠረገችና ወደ ዋርካው አየች።

«አባዬ፣ ዛሬ ለምን አይጮህም?»

«የጭራውን ሐሳብ እያየ ነው» አላት ዳምጤ። «አንቺ ጠጪ።»